«ሠራተኞቻችሁን አስመርምሩ»

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት ሆኖ ጮኸ። የጠራው እኔን አልነበረም።

«እቴቴ! እቴቴ ነይ! ከሆዴ ገመድ ወጣ!»

መኝታ ቤት ለሥራ እየለበስኩ ነበር። ስደርስ እቴቴ ቀድመውኛል። በአንድ እጃቸው ልጁን ደግፈው፣ በሌላኛው በሶፍት የያዙትን ነገር ወደ መብራቱ አዙረው ያዩታል። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ከእርሳስ የሚረዝም፣ ገና የሚንቀሳቀስ ትል ነው። ግድግዳውን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እናቱ እኔ ነኝ፤ ያልተጸየፉት ግን እሳቸው ነበሩ።

«ወስፋት ነው» አሉኝ። «አትደንግጪ ልጄ፤ በኪኒን የሚወጣ ነገር ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው «አንተማ ጀግና ነህ! አባረርከው እኮ!» ሲሉት እያለቀሰ ሳቀ።

እቴቴ ልጄን ከአራስነቱ ጀምሮ ያሳደጉልን ሴት ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጻፈው ብዬ ለመጠየቅም ድፍረቱ የለኝም። ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው ከወሎ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ቦሌ ሚካኤል የምትኖር ያገባች ልጅ አለቻቸው፤ «የሰው እንጀራ አልጠብቅም፣ ሠርቼ እበላለሁ» ብለው እኛ ቤት ገቡ። በዕድሜ ከእናቴ ብዙም አያንሱም። «አንቱ» እላቸዋለሁ፣ «ልጄ» ይሉኛል። ደመወዛቸውን የምከፍለው እኔ ብሆንም፣ ቦሌ ቡልቡላ ያለችው የኮንዶሚኒየም ቤታችን የምትተዳደረው በእሳቸው ነበር። ልጄ ለመተኛት የሚፈልገው የእሳቸውን ተረት፣ ሲታመም የሚፈልገው የእሳቸውን እጅ ነው። በዚህ ቀንቼ አላውቅም። ደስ ይለኝ ነበር እንጂ።

ያን ቀን ሥራ አስፈቅጄ ኢምፔሪያል አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኩት። ያየችን ወጣት ሐኪም የዓይኑን ቆብ ገልብጣ አየች፣ ሆዱን ነካ ነካ አደረገች። «ይደክመዋል? ሆዴን ይላል?» ስትለኝ አፈርኩ። ሁለቱንም ካለ ወራት ሆኖታል። ጠዋት ጠዋት ሆዱን ይዞ ሲቀመጥ ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። አስተማሪዋ በመገናኛ ደብተሩ ላይ «ትኩረት ይጎድለዋል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል» ብላ የጻፈች ቀን ደግሞ ቴሌቪዥን ከልክዬዋለሁ። ከፋርማሲ የቫይታሚን ሽሮፕ ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ። ልጁ ሆዱ ውስጥ የሌላ ፍጡር መንጋ እየቀለበ፣ እኔ ሰነፍ እለው ነበር።

የሰገራ ምርመራው የወስፋት እንቁላል አሳየ። የሚታኘክ ኪኒን ታዘዘለት። ልንወጣ ስንል ሐኪሟ «ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ይታይ። ቤት ያላችሁትም ሁላችሁም ብትመረመሩ ጥሩ ነው» አለችኝ።

ሁላችሁም ነው ያለችው። ጆሮዬ በደንብ ሰምቶታል። ልቤ ግን ቤት ስደርስ ሌላ ነገር አድርጎ አወጣው።

በዚያው ሳምንት ከልጄ ትምህርት ቤት በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ማስታወቂያ መጣ። ትምህርት ቤቱ የግል ነው፤ ክፍያው እኔንና ባለቤቴን ወር በገባ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳናል። ማስታወቂያው ከሞላ ጎደል እንዲህ ይል ነበር፦ «የተከበራችሁ ወላጆች፣ በአንዳንድ ተማሪዎቻችን ላይ የሆድ ትላትል እየታየ ስለሆነ የቤት ሠራተኞቻችሁንና ሞግዚቶቻችሁን በአስቸኳይ እንድታስመረምሩ፣ ውጤቱንም ለክፍል አስተማሪዎች እንድታሳውቁ በትሕትና እንጠይቃለን።» ከሥሩ የአበባ ምስል አለ።

ወላጆች ተራ በተራ «እናመሰግናለን»፣ «ትልቅ ኃላፊነት ነው የተወጣችሁት»፣ «በጣም ወሳኝ ጉዳይ» እያሉ ጻፉ። እኔም አውራ ጣት ላክሁ። ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። «በአንዳንድ ተማሪዎቻችን» የሚለው ቃል ዓይናችን ላይ ተቀምጦ ነበር። በተለያየ ሰፈር፣ በተለያየ ቤት የሚኖሩ ልጆች በአንድ ሰሞን በአንድ ዓይነት በሽታ ከታመሙ የሚያገናኛቸው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ግሩፑ ውስጥ መሐንዲስ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ጠበቃ አለ። ጣት የተቀሰረው መልስ ሊሰጡ ወደማይችሉ ሰዎች ስለነበር ለሁላችንም ተመቸን።

ማታውኑ የባለቤቴ ታላቅ እህት ደወለች። የልጁን መታመም ሰምታለች።

«መጀመሪያ ሠራተኛሽን አስመርምሪ» አለችኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ።

«እቴቴ እኮ ንጹሕ ናቸው፤ ከኔ ይልቅ—»

«ንጹሕ መምሰልና መሆን ይለያያል። አገሯ የሄደችው መቼ ነው?»

«ለአረፋ።»

«አየሽ! ከዚያ ይዛ መጥታ ነዋ። እስክትመረመር ማብሰሉን አስቁሚያት። የልጅ ነገር ነው፣ ይሉኝታ አያስፈልግም።»

«እሳቸው» እያልኩ የኖርኩትን ሴት «እሷ» ስትላቸው አላረምኳትም። ስልኩን ዘግቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ለነገው ምስር እየለቀሙ ነበር።

«እቴቴ፣ ነገ አብረን ክሊኒክ እንሂድ። እርስዎም ይመርመሩ» አልኳቸው።

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«ምንም አልሆኑም። ትምህርት ቤቱ ሁሉም ሰው ያስመርምር ስላለ ነው።»

ሁሉም ሰው አላለም። ዋሸሁ። ሰፌዱን አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ። «ትምህርት ቤቱ እኔን የት ያውቀኛል?»

ከዚያም የባሰውን ጨመርኩበት። «እስከዚያው ደግሞ ምግቡን እኔ ልሥራ፤ እርስዎ ይረፉ» አልኳቸው። ረፍት ብዬ ጠራሁት! እቴቴ የለቀሙትን ምስር ወደ ማስቀመጫው ገለበጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ወደ ክፍላቸው ገቡ። በማግስቱ ጠዋት ኩሽና ስገባ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሰሃን፣ አንድ ብርጭቆና አንድ ማንኪያ ጎድለው አገኘሁ። ከመስኮቱ ሥር ለብቻቸው፣ ታጥበው፣ ፎጣ ላይ ተደፍተዋል። ማንም ሳያዛቸው የራሳቸውን ዕቃ ለይተዋል። ቆሜ አየሁት። ወደ ቦታው መመለስ ነበረብኝ። እንዳላየሁ ሆኜ ለልጄ ቁርስ አቀረብኩ።

ክሊኒክ የሄድን ቀን ለበዓል የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ ነጭ ሻሽ አስረው ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ሳትመለከት ድምጿን ከፍ አድርጋ «የሰገራ ነው አይደል? ለሠራተኛዋ ነው?» አለችኝ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እቴቴ ወለሉን አዩ። ትንሿን የፕላስቲክ ዕቃ ተቀብለው በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው፣ አንገታቸውን ሰብረው ወደ መጸዳጃው ሄዱ። ሲሄዱ ጀርባቸውን አየሁት። ልጄን አዝለው ያሳደጉበት ጀርባ ነው።

ውጤቱ ሲደርስ የላቦራቶሪው ባለሙያ ራሱ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ጸጉሩ ሸበት ያለ፣ ነገር የሰለቸው የሚመስል ሰው ነው።

«እናቴ፣ ምንም የለብዎትም፤ ነጻ ነዎት» አላቸው በአክብሮት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «የታመመው ማነው?» አለኝ።

«ልጄ። ወስፋት።»

«ግቢ አላችሁ? ልጁ አፈር የሚነካበት?»

«የለንም። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው።»

ራሱን ነቀነቀ። «አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ ነው ሠራተኛ ይዘሽ የመጣሽው? የወስፋት እንቁላል ከሰው እንደወጣ ወዲያው ሌላ ሰው አይዝም። አፈር ላይ ወድቆ ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚበስለው። ልጅሽ ሰገራ የነካው አፈር የሚያገኘው የት ነው? እጁን ሳይታጠብ የሚበላው የት ነው? እዚያ ፈልጊ።» ከዚያ ድምጹን ቀነስ አድርጎ «ሰሞኑን ሠራተኞቻቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶች በዝተውብኛል። ሠራተኞቹ ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው። የልጆቹ ዩኒፎርም ግን አንድ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ በራሴ ተናደድኩ፤ ከዚያ በትምህርት ቤቱ። እቴቴን ላናግራቸው ዞር ስል በሩ ጋ ደርሰዋል።

ሐኪሟ ያለችኝን ዘግይቼም ቢሆን ፈጸምኩ፤ እኔም ባለቤቴም ተመረመርን። እኔ ነጻ ነኝ። ባለቤቴ ኮሶ ተገኘበት። ቅዳሜ ቅዳሜ እህቱ ቤት ጥሬ ሥጋ ይበላል፤ ከዚያው ነው ያመጣው። ሲነገረው ሳቀ። እህቱ ስትሰማ ደግሞ ከእሱ የባሰ ሳቀች። «ጥሬ የሚበላ ሰው ኮሶ ባይኖረው ነው የሚገርመኝ!» አለች። አፏ ያው አፍ ነው። የወንድሟ ሰሃን ለብቻው ይቀመጥ አላለችም። ለጥቂት ቀን እንኳ ከቤተሰብ ጋር እንዳይበላ አልመከረችም። የእሱ ትል የጨዋታ ማድመቂያ ሆነ፤ ትል የሌለባቸው ሴት ግን አንገታቸውን ደፍተው በሕዝብ ፊት አለፉ። ይህን በስልክ ነገርኳት። «አንቺ ደግሞ ነገር ታከሪያለሽ» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ሳልነግራቸው ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ጥበቃው ቀጠሮ ይዘሽ ነው ወይ ሲለኝ የልጄን መድኃኒት ይዣለሁ ብዬ ገባሁ። ትምህርት ቤቱ ለመኖሪያ የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ ነው። በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ አንበሳና ቀጭኔ ተስለዋል፣ መግቢያው በአርቴፊሻል ሣር ተነጥፏል። ልጄን ስናስመዘግብ ያየነው ይህንን ነው። ከቤቱ ጀርባ ምን እንዳለ ለመጠየቅ ያኔ አላሰብንም።

ጀርባው ላይ ለተማሪዎቹ ሁሉ አራት መጸዳጃዎች አሉ። ሁለቱ በሚስማር ታሽገዋል። የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፈትኩት፤ ጭርር እንኳ አላለም። ከጎኑ አንድ በርሜል ቆሟል፤ ውሃው ከታች ያለች ዝቃጭ ነች። ልጆቹ የተቆረጠ ጀሪካን አጥልቀው እየጨለፉ፣ እጃቸውንም እዚያው እየነከሩ ይሄዳሉ። ሳሙና የሚባል የለም። ከመጸዳጃዎቹ ሥር ያለው ጉድጓድ ሞልቶ ክዳኑ ዙሪያውን ይተፋል። ርጥበቱ እየተሳበ ወርዶ ግቢው ጥግ ያለውን ባዶ አፈር አጨቅይቶታል። አፈሩ ላይ ወንዶች ልጆች ተንበርክከው ብይ ይጫወታሉ።

ልጄ ከእነሱ መካከል ነበር።

ደወል ተደወለ። ብያቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ወደ ክፍል ሮጡ። በመስኮት አየሁት። ምሳ ዕቃውን ከፈተ። እኔ በጥድፊያ የቋጠርኩለትን ፍርፍር በዚያው እጁ ያነሳል፣ ጣቱን ይልሳል። መስኮቱን አንኳኳሁ፤ በክፍሉ ጫጫታ አልሰማኝም።

መጥረጊያ ይዛ የቆመች የጽዳት ሠራተኛ ከኋላዬ ታየኛለች። «ውሃ የለም እንዴ?» አልኳት።

«በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ከላይ ሮቶ አለ፣ እሱ ግን ለቢሮና ለአስተማሪዎች ነው።»

«ጉድጓዱስ?»

«ከክረምት ጀምሮ እንዲህ ነው። ይመጠጥ ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩ። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ይታያል አሉኝ።» ዙሪያዋን ተመልክታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጆቹ ሲታመሙ መጀመሪያ የተመረመርኩት እኔ ነኝ እኮ። ምንም ስላልተገኘብኝ ነው ወደናንተ ሠራተኞች የዞሩት።»

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ የገባሁት በዚህ ሁኔታ ነው። ሰውየው ትሑት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ የታሸገ ውሃ ከፈተልኝ። ያየሁትን ስነግረው ጣቶቹን አቆላልፎ እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«ስጋትዎን እረዳለሁ» አለኝ። «ግን ሃይጂን ከቤት ነው የሚጀምረው። እኛ የልጆቹን የቤት ሁኔታ ልንቆጣጠር አንችልም።»

«የቤቴን ሁኔታ ላቦራቶሪ አይቶታል። ነጻ ነው። የናንተን አፈር ማን አየው?»

«ትምህርት ቤታችን ስታንዳርዱን የጠበቀ ነው።»

«እሺ፣ ይነሱና አብረን ጓሮ እንሂድ።»

ስልኩን አየት አደረገ። ስብሰባ አለበት። ከዚያ፣ እኔን ያረጋጋኛል ብሎ ይመስለኛል፣ ሌላ ነገር ተናገረ። «ባለፈው ከጤና ጣቢያ መጥተው ለተማሪዎቹ የትል ኪኒን እንስጥ ብለውን ነበር። የኛ ልጆች እንዲህ ያለ ችግር ካለበት ቤተሰብ የመጡ አይደሉም ብለን በአክብሮት መለስናቸው። ወላጆቻችንን ላለማስከፋት ስንል ነው።»

ኪኒኑ በር ድረስ መጥቶ ነበር። በነጻ። ልጄ ሆዱን ይዞ ሲቀመጥ፣ እኔ ስቆጣው፣ እነዚያ የጤና ሠራተኞች በዚያ አርቴፊሻል ሣር ላይ ቆመው ተመልሰዋል፤ እኔ እንዳይከፋኝ ተብሎ። የከፈተልኝን ውሃ ሳልጠጣ ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። «የከፋኝ አሁን ነው» ብዬው ወጣሁ።

የጓሮውን ፎቶ አንስቼ ስለነበር ታክሲ እየጠበቅኩ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት፤ የበርሜሉን፣ የጉድጓዱን፣ የብይ መጫወቻውን። ቤት ሳልደርስ ተሰርዟል። እኔም እንዳልጽፍ ተዘግቶብኛል። «እናመሰግናለን» ሲሉ የነበሩት እናቶችና አባቶች ዝም አሉ። በግል የጻፉልኝ ሦስት ናቸው። አንዷ «ልጅሽ ላይ ቂም እንዳይያዝ ተጠንቀቂ» አለችኝ። ፍርሃቷ እውነተኛ ነው፤ ግን በየወሩ የምንከፍለው ለመፍራት ነው?

የሴሚስተሩ የወላጆች ስብሰባ ሲደርስ እጄን አወጣሁ። ያየሁትን ተናገርኩ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ቤት ንጽሕና ሲጀምር፣ ከኋላ አንድ አባት ተነሳ። ቦሌ ሚካኤል የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «እኔ የቤት ሠራተኛ የለኝም። ልጄን የምታሳድገው ሚስቴ ናት። ልጄም ትል ወጥቶበታል። በማስታወቂያችሁ መሠረት ሚስቴን ላስመርምር?»

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። «ሳቃችሁ» አለ ሰውየው። «ሚስቴ ስትሆን አሳቃችሁ። የሰው ሚስት፣ የሰው እናት ናት እኮ ሠራተኛይቱም።» ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተነሱ፤ ጓሮውን እንይ አሉ፣ ተያይዘን ሄድን። በጭቃው የተበከለ ጫማ ይዞ ከመመለስ በላይ ክርክር አያስፈልግም ነበር።

ስንወጣ ደረጃው ላይ አንዲት እናት ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«የኔዋን አባረርኳት» አለችኝ። «ሳላስመረምራት። ማስታወቂያውን ባየሁ በሁለተኛው ቀን።»

«ደውዪላትና ይቅርታ ጠይቂያታ።»

«ቁጥሯን አጥፍቼዋለሁ። ያመጣት ደላላም አያውቅም። ሆሳዕና ነው አገሯ፤ ሌላ የማውቀው የለኝም።» ሦስት ዓመት አብራት ኖራለች።

በሳምንቱ መጣጭ መኪና መጥቶ ጉድጓዱን መጠጠው። ወር ሳይሞላ ለልጆቹ የብቻቸው ሮቶ ተተከለ፣ የታሸጉት በሮች ተከፈቱ፣ የብይ መጫወቻው ተቆፍሮ በጠጠር ተሞላ። ከጤና ጣቢያ መጥተው ለሁሉም ኪኒን ሰጡ። እንግዲህ ይቻል ነበር ማለት ነው! ከክረምት ጀምሮ ያልተቻለው በወር ተቻለ። እኔ ግን አንድ ነገር ቀርቶኛል ብዬ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተመለስኩ። ያ ማስታወቂያ ስህተት ነበር ብላችሁ ጻፉ፣ ሠራተኞቹን ይቅርታ ጠይቁ አልኩት።

«ችግሩ ተፈቷል እኮ» አለኝ ከልቡ ተገርሞ። «እንዲህ ብሎ መጻፍ የትምህርት ቤቱን ስም ይጎዳል።»

የእነሱስ ስም? ስል ጠየቅኩት። ምን እንዳልኩ የገባው አይመስለኝም። እስከ ዛሬም አልጻፉም።

ከእቴቴ ጋር የተነጋገርነው ክሊኒክ ከሄድን ከቀናት በኋላ፣ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ በተመለስኩበት ከሰዓት ነው። ልብስ እያጣጠፉ ነበር። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ፣ ከሚያጣጥፉት ልብስ አንዱን ይዤ።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ ሳያቋርጡ። «ምርመራውን አልጠላሁትም። ሐኪም ያዘዘው ነገር ነውር የለውም። ሰሃኔን ለይቼ ሳስቀምጥ ግን አይተሽ ዝም አልሽ። ቤቴ ነው ብዬ ነበርና እሱ ቆረጠኝ።»

ምን ይባላል? አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። የልጄን ካልሲ ከጥንዱ ጋር እያገናኙ «የልጅ ልጆቼ የሚማሩት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው» አሉ። «ይሄ ኪኒን ሲመጣ ተሰልፈው ይውጣሉ፤ አለቀ። የማንም እናት በዚህ ምክንያት አልተሰደበችም። እናንተ ይህን ያህል ከፍላችሁ ይሄ መሆኑ ነው የገረመኝ።»

ከዚያ ምግቡን እንደገና መሥራት ጀመሩ። ሰሃናቸውንም እኔ ራሴ አንስቼ መለስኩት። ግን የልጁ የዓመቱ ፈተና እስኪያልቅ ብቻ እንደሚቆዩ ነገሩኝ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ደመወዝ ልጨምር አልኩ፤ አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ያን ማለቴ ራሱ ሌላ ስድብ እንደነበር የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው። ሻንጣቸውን ባለቤቴ ተሸክሞ ወረደ። ልጄ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳም አለ። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ድረስ ድምጹ ይሰማ ነበር።

በሦስተኛው ወር ልጄ ሲመረመር ነጻ ሆነ። ፊቱ ተመልሷል፣ ክፍል ውስጥም አያንቀላፋም። አስተማሪዋ «ትልቅ መሻሻል» ብላ ጻፈችልን። ሰነፍ ሲባል የከረመውን ግን ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

በክረምቱ «እቴቴ ጋ ውሰጂኝ» እያለ ሲያስቸግረኝ ቦሌ ሚካኤል ይዤው ሄድኩ። ልጃቸው የምትኖረው ከብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ጀርባ ባለ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። በሩን የከፈተችው እሷ ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ ነች። ልጄን አቅፋ ሳመችው፣ «እማዬ ውስጥ ናት፣ ግባ» አለችው። እሱ ሮጦ ገባ። ከውስጥ የእቴቴ የደስታ እልልታ ተሰማ። እኔ ልከተል ስል ልጃቸው ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

«አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «እናቴ ስምንት ዓመት ልጅሽን አዝላ ስትኖር አንድ ቀን ታማ ሐኪም ቤት ወስደሻት ታውቂያለሽ? ጉልበቷን ሲያማት? ዓይኗን ሲያማት?»

አልወሰድኳቸውም። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ቅባት ገዝቼ ሰጥቻቸዋለሁ፤ እሱንም እንደ ውለታ ቆጥሬ።

«አልወሰድኳቸውም» አልኳት።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ቤት የወሰድሻት ልጅሽን ሳታስይዝ አልቀረችም ብለሽ ነው ማለት ነው።»

መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ያየናል። ብየዳው ከጎረቤት ይጮሃል። ትምህርት ቤቱ ነው፣ የባለቤቴ እህት ናት ብል ለእሷ መልስ አይሆንም። «እውነትሽን ነው» አልኩ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ በርጩማ አውጥታ በደጃፉ አስቀመጠችልኝ። ግቢ አላለችኝም። ራሷም ደፉ ላይ ተቀመጠችና፣ እናቷ በስንት ሰው ቤት እንደሠሩ፣ በየቤቱ ምን እንደተባሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግረኝ ጀመር። እስክትጨርስ ተቀምጬ ሰማኋት።